በለሆሳስ የተዘፈኑ አልበሞች፣ ከእጅ ወደ እጅ

ኢንዲ ፎክ የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ አንድ ሰው ራሱ የጻፈውን ግጥም ራሱ በደረሰው ዜማ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊታር ብቻ ታጅቦ የሚዘፍንበት፣ ሥራውም ከታላላቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ይልቅ በአነስተኛ ነፃ አሳታሚዎች ወይም በድምፃዊው በራሱ ወጪ ለአድማጭ የሚደርስበት ዘርፍ ነው። መሠረቱ የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የአሜሪካ ገጠር ሕዝባዊ ዘፈን ሲሆን፣ ዛሬ ወደሚታወቅበት መልክ የተጠጋው ግን የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲና ድምፃዊው አንድ ሰው መሆናቸው በተለመደባቸው በ1960ዎቹና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘርፉን ታላላቅ አልበሞች ታሪክ የሚመረምር ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። በወጡበት ዓመት ገዢ ያጡ፣ ሬዲዮ ያላጫወታቸው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይታተሙ በመሳቢያ ውስጥ የቀሩ ሥራዎች ከአሥር፣ ከሃያና ከሠላሳ ዓመታት በኋላ አድማጫቸውን አግኝተው ለአዲስ ትውልድ ድምፃውያን መነሻ ሆነዋል። ይህ የሆነው ገበያው ዘግይቶ ዋጋቸውን ስለተረዳ ሳይሆን፣ ሥራውን ሰምቶ ለራሱ ብቻ መያዝ ያልቻለ አንድ ሰው በየጊዜው በመገኘቱ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙዚቃ ታሪክ የድምፃውያኑ ብቻ ሳይሆን ዘፈኖቹን ከእጅ ወደ እጅ ያስተላለፉት ሰዎችም ታሪክ ነው።

አንድ ሰብሳቢና 84 ዘፈኖች

በ1952 ፎክዌይስ የተባለው የኒውዮርክ አነስተኛ አሳታሚ ሃሪ ስሚዝ የተባለ የድሮ ሸክላ ሰብሳቢ ከግል ክምችቱ የመረጣቸውን 84 ቅጂዎች በሦስት ጥራዝ አሳተመ። ቅጂዎቹ በመጀመሪያ የወጡት ከ1927 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ዘፋኞቹ የደቡብና የተራራማው አሜሪካ ገበሬዎች፣ የማዕድን ሠራተኞች፣ ሰባኪዎችና ተዘዋዋሪ ሙዚቀኞች ነበሩ። ስሚዝ ስብስቡን በዘፋኞቹ የቆዳ ቀለም ሳይከፋፍል ተራኪ ዘፈኖችን፣ የጭፈራና የአምልኮ ዜማዎችን፣ ልዩ ልዩ ዘፈኖችን በየራሳቸው ጥራዝ አደራጅቶ፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን አጭር ማብራሪያ ጽፎ አቀረበው፤ ስብስቡም በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ለተነሡት ወጣት የፎክ ዘፋኞች ዋነኛ የመማሪያ ምንጭ ሆነ።

ከእነዚህ ዘፈኖች ሁለቱ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የተባለ፣ በ1928 ጥቂት ሸክላዎችን ካስቀረጸ በኋላ ወደ እርሻው የተመለሰ ሰው ሥራዎች ነበሩ። ኸርት በአንዱ የድሮ ዘፈኑ ውስጥ የሚኖርበትን መንደር ስም ጠርቶ ስለነበር፣ አንድ ወጣት የሙዚቃ አፍቃሪ በ1963 ያንን ስም ተከትሎ ሚሲሲፒ ውስጥ ወደምትገኘው አቫሎን ሄደ፤ ዘፋኙንም በሕይወት፣ የጣቶቹንም ቅልጥፍና ሳይነጥፍ አገኘው። ኸርት በዚያው ዓመት በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ በ1966 እስኪያርፍ ድረስም ከሠላሳ አምስት ዓመታት ዝምታ በኋላ አዳዲስ አልበሞችን ቀረጸ። የፎክዌይስ መሥራች ሞዝስ አሽ ያሳተመውን ማንኛውንም ሥራ፣ ቢሸጥም ባይሸጥም፣ ከዝርዝሩ አለማውጣትን መመሪያው አድርጎ ነበር፤ የስሚዝሶኒያን ተቋም በ1987 ከሁለት ሺህ በላይ አልበሞች ያሉትን ይህን ክምችት ሲረከብም ሁሉንም ሳያቋርጥ ለሕዝብ እንዲያቀርብ ግዴታ ገብቷል። ሰብሳቢው መርጦ፣ አሳታሚው ጠብቆ፣ ፈላጊው መንገድ ጀምሮ አንድን ዘፋኝ ከመረሳት የማዳናቸው ሥርዓት በኋላ ለመጡት ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል።

ሁለት ሌሊቶች በለንደን

በጥቅምት 1971 መጨረሻ፣ ለንደን ውስጥ ቼልሲ በሚገኘው ሳውንድ ቴክኒክስ ስቱዲዮ፣ የሌሎች ሙዚቀኞች የቀን ሥራ ካበቃ በኋላ ሁለት ሰዎች ብቻ ይገናኙ ነበር፤ አንዱ የድምፅ መሐንዲሱ ጆን ዉድ፣ ሌላው የ23 ዓመቱ ኒክ ድሬክ ነው። በሁለት ሌሊት ሥራ 11 ዘፈኖች ተቀረጹ፤ በአንዱ ዘፈን ላይ ከተጨመረች አጭር የፒያኖ ዜማ በቀር ከድሬክ ድምፅና ጊታር ሌላ ምንም አልገባባቸውም። የአልበሙ ርዝመት ሠላሳ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ «ፒንክ ሙን» በሚል ርዕስ በ1972 መጀመሪያ ወጣ።

ድሬክ በ1948 በበርማዋ ራንጉን ተወልዶ በእንግሊዝ ገጠር ያደገ ሲሆን፣ እናቱም በቤቷ ፒያኖ እየተጫወተች የራሷን ዘፈኖች የምትደርስ ሴት ነበረች። ከ«ፒንክ ሙን» በፊት «ፋይቭ ሊቭስ ሌፍት» በ1969፣ «ብራይተር ሌይተር» በ1971 ወጥተውለት ነበር፤ ሁለቱንም ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ጆ ቦይድ፣ አብዛኛውን የቫዮሊንና የቼሎ ቅንብር የሠራው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ሮበርት ከርቢ ነው። የድሬክ አጨዋወት ልዩነት በተለይ በቅኝቱ ላይ ይታያል፤ ብዙዎቹን ዘፈኖች የጊታሩን ክሮች ከተለመደው ቅኝት አላልቶ ወይም አጥብቆ ይደረድር ስለነበር፣ አውራ ጣቱ የዝቅተኛውን ድምፅ ምት ሳያቋርጥ ሲይዝ ሌሎቹ ጣቶች በላዩ ሌላ ዜማ ይሠራሉ፤ ድምፁም ከጊታሩ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይገባል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊታር ብቻ እየሰማ ያለ አድማጭ የሁለት መሣሪያዎችን ምልልስ የሚሰማ ይመስለዋል።

ሦስቱም አልበሞች በወጡበት ጊዜ እያንዳንዳቸው ከአምስት ሺህ ያነሰ ቅጂ ነበር የተሸጡት። ድሬክ በመድረክ ላይ መቅረብን የሚሸሽ፣ ከጋዜጠኞች ጋርም የማይነጋገር ሰው በመሆኑ፣ እንደዚያ ዘመን ልማድ አልበሙን በጉብኝት ኮንሰርት ማስተዋወቅ አልተቻለም፤ ጤናውም እየታወከ ሄዶ በኅዳር 1974 በ26 ዓመቱ አረፈ። ይሁን እንጂ ጆ ቦይድ ድርጅቱን ለአይላንድ ሬከርድስ ሲሸጥ የድሬክ አልበሞች ከሽያጭ ዝርዝር ፈጽሞ እንዳይወጡ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር። በ1999 መገባደጃና በ2000 የቮልስዋገን የመኪና ማስታወቂያ የ«ፒንክ ሙን»ን መጠሪያ ዘፈን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲያሰማና ሽያጩ በድንገት ሲያሻቅብ፣ የሚሸጥ አልበም ሊገኝ የቻለው በዚያ ውል ምክንያት ነው። ማስታወቂያው ለድሬክ እጅግ ብዙ አድማጭ አመጣ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት 25 ዓመታት ግን ስሙን ያቆዩት ሸክላውን እያዋሱና ወደ ካሴት እየገለበጡ ለሌሎች ያደረሱ አድማጮች ነበሩ።

በፈረስ ጋሪ ወደ ሰሜን

በጆ ቦይድና በሮበርት ከርቢ እጅ ያለፈ ሌላ አልበም ደግሞ የቫሽቲ ባንየን ነው። ባንየን በ1965 ለንደን ውስጥ የፖፕ ዘፋኝ እንድትሆን ታስባ አንድ ሁለት ነጠላ ዜማ ካወጣች በኋላ ያ ዓለም ስላልተስማማት፣ በ1968 ከጓደኛዋ ጋር በፈረስ በሚሳብ ጋሪ ላይ ተሳፍራ፣ ድምፃዊው ዶኖቫን ለአርቲስቶች መኖሪያ ሊያደርገው ወዳሰበው በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደሚገኘው የስካይ ደሴት ጉዞ ጀመረች። ጉዞው ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ፤ በመንገድ ላይም ስለ ፈረሱ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ወፎችና ስለ ምሽት እሳት የሚናገሩ አጫጭር ዘፈኖች ተወለዱ። በ1969 መጨረሻ ተቀርጸው በ1970 «ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ» በሚል ርዕስ ሲወጡ ግን የተሸጡት ጥቂት ቅጂዎች ብቻ ስለነበሩ፣ ባንየን ጊታሯን አስቀምጣ ወደ ገጠር ኑሮና ልጆች ወደ ማሳደግ ገባች፤ በቤቷም ውስጥ እንኳ መዝፈን ተወች።

እሷ በማታውቀው ሁኔታ ግን የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች በሰብሳቢዎች መካከል እየተፈለጉ፣ ዋጋቸውም እየናረ ሄዶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ስሟን በኢንተርኔት ፈልጋ ይህን ከተረዳች በኋላ አልበሙ በ2000 እንደገና ታተመ፤ ዴቬንድራ ባንሃርት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ድምፃዊም ምክር እንድትሰጠው ጻፈላትና በ2004 ባወጣው አልበሙ ላይ አብራው ዘፈነች። በ2005 «ሉክአፍተሪንግ» የተባለው ሁለተኛ አልበሟ፣ በ2014 ደግሞ «ሃርትሊፕ» የተባለው ሦስተኛው ወጡ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው አልበም መካከል ሠላሳ አምስት ዓመታት አሉ፤ ሁለተኛው ሊኖር የቻለውም ያልታወቀውን የመጀመሪያ አልበም ከሸክላ ሳጥኖች ሥር እየፈለጉ ለጓደኞቻቸው ባሰሙ ሰዎች ምክንያት ነው።

ከዚህም የባሰ የተሰወረው የጀርመናዊቷ የሲቢለ ባየር ሥራ ነው። ባየር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቤቷ ውስጥ፣ ክፍት ጥቅል ባለው የቴፕ መቅረጫ 14 ዘፈኖችን በጊታር ብቻ ቀርጻ ለማንም አሳታሚ ሳታቀርብ አኖረቻቸው። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ልጇ ዘፈኖቹን ለቤተሰብ ስጦታ እንዲሆኑ በሲዲ አዘጋጅቶ አንዱን ቅጂ ዳይኖሶር ጁኒየር ለተባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ለጄ ማስኪስ ሰጠው፤ ማስኪስም ኦሬንጅ ትዊን ለተባለ አነስተኛ አሳታሚ አስተላለፈው፤ «ከለር ግሪን» የተባለው አልበምም በ2006 ወጣ። ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ሙዚቀኛ፣ ከሙዚቀኛ ወደ አሳታሚ የተዘረጋው ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢጎድለው ኖሮ ዓለም ይህን አልበም ባልሰማው ነበር።

ስቱዲዮው ወደ ቤት ሲገባ

ከ1979 ጀምሮ ታስካም የተባለው ኩባንያ ፖርታስቱዲዮ የተሰኘውን ባለ አራት መስመር የካሴት መቅረጫ ለገበያ ማቅረቡ የዚህን ሙዚቃ አሠራር ከመሠረቱ ለውጦታል። ባለ አራት መስመር መቅረጫ ማለት በአንድ ካሴት ላይ አራት ድምፆችን ለየብቻ፣ በተለያየ ጊዜ ቀርጾ በኋላ ማዋሐድ የሚያስችል መሣሪያ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው መጀመሪያ ጊታሩን፣ ቀጥሎ ድምፁን፣ ከዚያም ራሱን የሚያጅብበትን ሁለተኛ ድምፅ ያለ ማንም እርዳታ በመኝታ ክፍሉ ሊቀርጽ ይችላል። ታዋቂው ብሩስ ስፕሪንግስቲን በዚህ መሣሪያ ለሙከራ የቀረጻቸውን ዘፈኖች ሳይለውጥ በ1982 «ነብራስካ» ብሎ ማውጣቱ የቤት ቅጂ ሙሉ አልበም ሊሆን እንደሚችል ለብዙዎች አሳይቷል።

በፖርትላንድ ኦሪገን የኖረው ኤሊየት ስሚዝ የመጀመሪያ አልበሙን «ሮማን ካንድል»ን በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በባለ አራት መስመር መቅረጫ ሲቀርጽ ለአልበም አላሰበውም ነበር፤ በቅርብ ሰው ጉትጎታ ካሴቱን የሰማው የከተማው አነስተኛ አሳታሚ ግን ሁሉንም እንዳለ በ1994 አወጣው። ስሚዝ አንዱን የዜማ መስመር ሁለት ጊዜ ዘፍኖ ድምፆቹን በማደራረብ ለስላሳ ሹክሹክታውን የሚያወፍርበት ስልት ከዚያ ወዲህ በብዙዎች ተወርሷል። አይረን ኤንድ ዋይን በሚል ስም የሚታወቀው ሳም ቢም ደግሞ ማያሚ ውስጥ ሲኒማ ሲያስተምር በትርፍ ጊዜው ቤቱ ውስጥ ይቀርጽ ነበር። ጓደኛው ቅጂውን ለአንድ የሙዚቃ መጽሔት አሳታሚ ሰጠው፤ መጽሔቱ አንዱን ዘፈን ከእትሙ ጋር በተሰጠው ሲዲ ውስጥ አካተተው፤ በሲያትል የሚገኘው ሰብ ፖፕ የተባለው አሳታሚም ይህን ሰምቶ ቢምን ፈልጎ አገኘው፤ በ2002 «ዘ ክሪክ ድራንክ ዘ ክሬድል» ወጣ።

ቦን ኢቬር በሚል ስም የሚያቀርበው ጀስቲን ቨርነን ከ2006 ወደ 2007 በተደረገው ክረምት፣ ባንዱ ከፈረሰና ከታመመ በኋላ፣ በዊስኮንሲን ጫካ ውስጥ ወደሚገኘው የአባቱ የአደን ጎጆ ገብቶ ሦስት ወር ያህል ብቻውን ተቀመጠ። እዚያ የቀረጻቸው ዘፈኖች የሚታወቁት ቨርነን በቀጭን ድምፅ እየዘፈነ የራሱን ድምፅ ደጋግሞ በመደራረብ አንድ ሰው የሚዘምርበት መዘምራን በመፍጠሩ ነው። «ፎር ኤማ፣ ፎርኤቨር አጎ»ን በ2007 በራሱ ወጪ በጥቂት መቶ ሲዲ አወጣው፤ በ2008 ጃግጃጉዋር የተባለው አሳታሚ እንደገና አሳተመው፤ በ2012ም ቨርነን የምርጥ አዲስ አርቲስት የግራሚ ሽልማትን ተቀበለ።

ፍለጋው በምን መንገድ ይሂድ?

ዛሬ በስልክ ላይ ያሉት የሙዚቃ አገልግሎቶች ለአድማጩ ሥራ የሚመርጡት በዋናነት ሌሎች አድማጮች ያደረጉትን በመቁጠር ነው፤ ይኸውም አንድን ዘፈን የወደዱ ሰዎች ሌላ የትኛውን ዘፈን እንደሰሙ አስልተው ያንኑ ለሚመስላቸው ሰው ያቀርባሉ። አሠራሩ ብዙ ለተሰሙ ሥራዎች ጠቃሚ ቢሆንም፣ ገና ማንም ያልሰማውን አልበም የሚያይበት ዓይን የለውም፤ ባየር ቤቷ ያኖረችውን ዓይነት ቴፕ ሊያገኝ የሚችለው ሰው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ዘፈኖችን ከአልበማቸው ነጥሎ ስለሚያቀርብ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተያይዞ እንዲሰማ የተሠራን ሥራ ይበትነዋል።

ለአድማጭ የተሻለው መንገድ በአልበሙ ጀርባ ላይ የተጻፉትን ስሞች መከተል ነው። ኒክ ድሬክን የወደደ ሰው የአቀናባሪውን የሮበርት ከርቢን ስም ተከትሎ ቫሽቲ ባንየን ዘንድ ይደርሳል፤ ከባንየን ወደ ባንሃርት ያልፋል፤ የድሬክን የልጅነት ቤት ለማወቅ የፈለገም እናቱ ሞሊ ድሬክ ከሞተች በኋላ ወደታተሙት የቤት ቅጂዎቿ ይሄድና የልጁ ዜማ ከየት እንደመጣ በጆሮው ይረዳል። ሁለተኛው መንገድ አሳታሚውን መከተል ነው፤ አነስተኛ አሳታሚ የሚያወጣው ጥቂት በመሆኑ ዝርዝሩ በራሱ የአንድ ሰው ምርጫ ነው። የጄሲካ ፕራት የመጀመሪያ አልበም በ2012 የወጣው ቲም ፕሬስሊ የተባለ ሙዚቀኛ ዘፈኖቿን ሰምቶ እነሱን ለማሳተም ሲል ብቻ አሳታሚ በማቋቋሙ ነው።

ለጀማሪ አድማጭ ቅደም ተከተል መስጠት ካስፈለገ፣ በ«ፒንክ ሙን» መጀመር የዘርፉን ባሕርይ በአጭር ጊዜ ያሳያል። ቀጥሎ የጊሊያን ዌልች በ2001 የወጣው «ታይም፣ ዘ ረቨሌተር» ከአሜሪካ ገጠር ዘፈን ጋር ያለውን ሥር ያስረዳል፤ ዌልች ከአጋሯ ከዴቪድ ሮውሊንግስ ጋር በሁለት ጊታርና በሁለት ድምፅ የሠራችው፣ በራሷ አሳታሚ ያወጣችው ነው። ሱፊያን ስቲቨንስ እናቱ ካረፈች በኋላ ጽፎ በ2015 ያወጣው «ካሪ ኤንድ ሎዌል» ኀዘን ያለ ጩኸት እንዴት እንደሚነገር ያስተምራል። የኤድሪያን ሌንከር «ሶንግስ» ደግሞ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የባንዷን ጉዞ ሲያስቀር በማሳቹሴትስ በሚገኝ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሳይገባበት በቴፕ የተቀረጸ ሲሆን፣ የጣት አጨዋወቱ ከድሬክ ወዲህ ከተሰሙት ሁሉ ጎልቶ የሚነሣ ነው።

ኢትዮጵያዊው ክፍል

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝባቸው እውነተኛ ነጥቦች አሉት። የሃሪ ስሚዝን ስብስብ ያሳተመው ፎክዌይስ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1951፣ ሃሮልድ ኮርላንደር የተባለው ተመራማሪ ያሰባሰባቸውን የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዜማዎች በአልበም አውጥቷል። ኤሊየት ስሚዝ በኖረባት በፖርትላንድ የተመሠረተው ሚሲሲፒ ሬከርድስ ደግሞ በ2024 የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቨኒርስ» አሳተመ። እማሆይ በዓለም የታወቁት በፒያኖ ድርሰታቸው ቢሆንም፣ በዚህ አልበም የሚሰሙት ከ1977 እስከ 1985 ባሉት የመከራ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በቤተሰባቸው ቤት፣ በተራ የካሴት መቅረጫ ፊት ራሳቸው የጻፏቸውን ግጥሞች በአማርኛ ሲያዜሙ ነው። ቅጂዎቹ ለአድማጭ የደረሱት እማሆይ በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ አድማጭ ወደዚህ ዓለም ከሚያስገቡ በሮች ሁሉ ይህ የቀረበው ነው፤ የባየርን ቴፕ ዋጋ ለመረዳት የእማሆይን ካሴት መስማት ይበቃል።

በአገር ውስጥም ሆነ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በሪያድ በሚገኙ ቤቶች ውስጥ ከዚያ ዘመን የቀሩ፣ አንድ ሰው በክራር ወይም በመሰንቆ ብቻውን የተጫወተባቸው ካሴቶች በየሳጥኑ ይገኛሉ። ካሴት ከጊዜ ጋር ይበላሻል፤ ማግኔታማው ሽፋን ይረግፋል፣ ክሩም ይጣበቃል፤ በቶሎ ያልተገለበጠው ቅጂ በኋላ ሊመለስ አይችልም።

የአስተዋዋቂው ኃላፊነት

አልበምን ለሌላ ሰው ማስተዋወቅ ከአድናቆት በላይ የሆነ ሥራ መሆኑን ከላይ የተነገሩት ታሪኮች ያረጋግጣሉ። ጥሩ አስተዋዋቂ ሃያ ስም አይደረድርም፤ የሚሰማውን ሰው አውቆ አንድ አልበም ይመርጥለታል፤ ማን እንደጻፈው፣ የትና መቼ እንደተቀረጸ፣ በየትኛው ዘፈን ላይ ጆሮ መጣል እንዳለበት ይነግረዋል፤ የድምፃዊውንም ሆነ የቀረጸውን ሰው ስም ሳያጎድል ያስተላልፋል። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ቅጂውን በቀጥታ ከእሱ ወይም ከአነስተኛው አሳታሚ መግዛት ተገቢ ነው፤ ይህ ሙዚቃ የሚቀጥለው ጥቂት ሰዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ነውና።

ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው በዚህ ሳምንት አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ይስማ፤ ከወደደውም ለአንድ ሰው፣ በስሙ ጠርቶ፣ ያድርሰው። ቤቱ ውስጥ የአባት ወይም የእናት ድምፅ ያለበት አሮጌ ካሴት ካለ ደግሞ ከዚያ ይጀምር፤ ሳይበላሽ ያስገልብጠው፤ የዘፋኙን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን በላዩ ጽፎ ለልጆቹ ያስረክብ።